የስድስት ኪሎ ስፌት

ስድስት ኪሎ፣ ከቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ወደ ቤት አያስገባም፤ ወደ ሰገነት አያወጣም። እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይሄድና አየር ላይ ያበቃል። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን በ1915 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ የተቆጠረ አንድ ዓመት ነው። ፋሺስቶቹ ዘመናቸውን በሲሚንቶ ቆጠሩት። ቆጠራው ግን ሩቅ አልሄደም፤ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነጻ ወጣች፣ ደረጃውም እንደ ቆመ ቀረ።

ማፍረሱ ቀላል ነበር፤ ቢፈርስም የሚቆጭ አልነበረም። ግን አልፈረሰም። ጫፉ ላይ አንድ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

ይህን ሥራ ባየሁት ቁጥር እደነቃለሁ። ጠላት የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ሳይፍቁና ሳይሰርዙ በአራት ነጥብ መዝጋት የጥሩ ጸሐፊ እጅ ይፈልጋል። ደረጃው ቢፈርስ ኖሮ ዛሬ ቦታው ላይ የምናገኘው ሣር ብቻ ነበር። አሁን ግን ከታች ወደ ላይ ዐይኑን የላከ ሰው ሁሉ ነገሩን በቅደም ተከተል ያነበዋል፤ እርከን፣ እርከን፣ እርከን፣ አንበሳ።

እዚሁ ግቢ ተማሪ ሳለሁ ግን ደረጃውን አላነበብኩትም። እግሩ ሥር ተቀምጬ ሀንዳውት ስሸመድድ፣ ጓደኛ ስጠብቅ፣ ከቤት የተላከልኝን በሶ ስበጠብጥ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ቁጭት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምረው ውስጥ ትልቁን ያገኘሁት ከመማሪያ ክፍል ውጭ ነው፤ እጅ በጥንቃቄ ከሠራቸውና እኛ በአጠገባቸው ከምንሮጥባቸው ነገሮች።

በአማርኛችን ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ «ግቢ ገባ» ይባላል። ጎንደርም ይመደብ ጅማ፣ ሐዋሳም ይሁን መቀሌ፣ ግቢ ነው የሚገባው። ቀደም ባለው ዘመን ደግሞ ግቢ ሲባል የንጉሥ ቤት ይታሰብ ነበር። ግቢ ለመግባት ደጅ ይጠናል፤ አማላጅ ይፈለጋል፤ ነጠላ አጣፍቶ፣ አንገት ደፍቶ ይቆማል። ስድስት ኪሎ ላይ ሁለቱ ግቢዎች አንድ ሆኑ። የገበሬ ልጅ በማትሪክ ውጤቱ ብቻ፣ ያለ ማንም አማላጅ፣ በዚያው በር ገባ።

ዩኒቨርሲቲው ሲወለድ ቤተ መንግሥት አልነበረውም። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ሲከፈት ተማሪዎቹ 33 ነበሩ፤ የሚመሩትም ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት። ያኔ ገነተ ልዑል የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ነው። ከዚያ ቀደም በወረራው ዘመን የጣሊያኑ ገዥ የግራዚያኒ መቀመጫ ነበር፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ የወረወሩበትም እዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። ጣሊያኖች ከዚያ በኋላ የፈጸሙትን እልቂት ከበሩ ውጭ አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት ይመሰክራል፤ ዩጎዝላቪያውያኑ ቀራጮች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሠሩትን ምስል ቀርቦ ያየ ሰው የወደቁትን በጅምላ ሳይሆን አንድ በአንድ ያያል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደግሞ፣ በእነ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ መሳፍንቱና ሹማምንቱ በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ተገደሉ። በዓመቱ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ቤቱ ለትምህርት ተሰጠ፤ ተቋሙም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የዛሬ ስሙን ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው።

ያን ሁሉ ደም ያየ ቤት ተዘግቶ መቅረት ይችል ነበር። ተማሪ ገባበት።

ቤቱ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ናቸው፤ ሥዕላትን፣ መስቀሎችንና የብራና መጻሕፍትን እየለቀሙ አንድ ቤት አገቧቸው። ከላይ የንጉሡ መኝታ ቤት እንዳለ ተጠብቋል፤ ሰማያዊው መታጠቢያ ክፍልም። ከመኝታ ቤቱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የእረኛ፣ የሸክላ ሠሪ፣ የሸማኔ እጅ ሥራ ተደርድሯል። የአገሪቱ ሕዝቦች ዕቃ በብሔር ወይም በክፍለ ሀገር አልተከፋፈለም፤ ከልደት እስከ ሞት በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው የተቀመጠው። ይህን አደረጃጀት ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። ጎብኚው የራሱን ሕይወት እንደሚሄድበት ሆኖ በሌላው ሕዝብ ዕቃ መካከል ያልፋል።

የእኔን ዐይን የከፈተው ግን አንድ የብራና መጽሐፍ ነው።

አራተኛ ዓመት ላይ ለሲኒየር ኤሴዬ አንድ የእጅ ጽሑፍ ማየት ነበረብኝ። የተቋሙ ንባብ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሽማግሌ እጄን አዩና «ልጄ፣ መጀመሪያ ታጥበህ ና» አሉኝ። ታጥቤ፣ አድርቄ ተመለስኩ። መጽሐፉን ጨርቅ ላይ አኖሩልኝ። ሊገልጡልኝ ሲሉ «ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው ሠላሳ ሁለተኛውን ቅጠል ብቻ ነው» አልኳቸው፤ ቸኩዬ ነበር። እሳቸው ግን ከሽፋኑ ጀመሩ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ብራና ከፍየል ቆዳ ይጀምራል። ቆዳው ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ሥጋው በስለት ይነሣል፤ በድንጋይ ይታሻል፤ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ጠጉሩ ይፋቃል። እዚህ ላይ የፋቂው እጅ ጥቂት ከከበደ ቆዳው ይሣሣል። እንስሳው በሕይወቱ መዥገር ነክሶት ወይም እሾህ ወግቶት ከነበረም፣ ሲወጠር ያቺ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቁስል እንደ ዐይን ትከፈታለች። ቆዳ ውድ ነው፤ አይጣልም። ስለዚህ ቀዳዳው ይሰፋል።

ሽማግሌው እንዲህ ያለ ቅጠል ላይ ቆሙና ገጹን ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ አዘነበሉት። የተሰፋው ቦታ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ሰባት ጥልፍ ቆጠርኩ፤ እኩል ርቀት፣ እኩል ጥብቀት፣ ጫፉ ላይ ቋጠሮው በማይጎረብጥበት በኩል የተቀበረ። ከስፌቱ በኋላ ቁም ጸሐፊው መጣ። በጥልፉ ላይ ለመጻፍ አልሞከረም፤ ስፌቱንም ለመሸፈን አልፈለገም። ቃሉን እስከ ስፌቱ ድረስ አመጣው፤ አነሣ፤ ከስፌቱ ማዶ ቀጠለ። ንባቡ አንዲት ፊደል አልጎደለበትም።

ከፊደሉ በታች ያለው ሥራ ደግሞ የባሰ ስውር ነው። የገጹ ዳር በወስፌ ተበስቷል፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ በደነዘ ጫፍ ተሰምሯል። መስመሩ ቀለም የለውም፤ በቆዳው ላይ የቀረ ጎድጓዳ ጥላ ነው፤ ብርሃን ከጎን ካልመጣ አይታይም። የመቃው ብርዕ ያን ጥላ ይዞ ይሄዳል። ጥቁሩ ከጥላሸት የተበጠበጠ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መነሻ። አንዱን መስመር ከሌላው ጋር ያስተያየ ሰው የጸሐፊውን የድካም ሰዓት እንኳ ይለያል፤ ወደ ማታ ፊደሉ ጥቂት ይሰፋል፣ በማግስቱ ጠዋት ይሰበሰባል። ይህ የራሴ ግምት ነው፤ ነገር ግን አሥር ቅጠል ያህል በጥሞና ካየሁ በኋላ ያደረብኝ ግምት ነው።

ጥራዞቹ አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዙት በስፌት ብቻ ነው። ጀርባው ላይ የሚሸከመው ሌላ ነገር የለም፤ ጥልፉ እንደ ሰንሰለት ነው፣ እያንዳንዱ ቀለበት ከእርሱ በፊት ያለውን ጨብጦ ይይዛል። ክሩ የእንጨቱን ገበታ ጠርዝ በስቶ ይገባል። ለዚህ ነው እነዚህ መጻሕፍት ለጥ ብለው የሚገለጡት። ገበታው ላይ ቆዳ ይለብሳል፤ ቆዳው ላይ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ይደጎሳል። ይህን ሁሉም ሰው ያየዋል። ሽፋኑን ሲከፍቱ ግን፣ ከውስጥ በኩል ቆዳው ታጥፎ የቀረችው ባዶ አራት ማዕዘን ላይ፣ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፋ ነበር። አበባ ያለባት፣ ምናልባትም ከባሕር ማዶ የመጣች። መጽሐፉ ተዘግቶ ማህደሩ ውስጥ ሲገባ ማንም አያያትም። ደጓሹ ግን መርጦ ቆርጦ አኖራት።

ሠላሳ ሁለተኛውን ቅጠል ያን ቀን አልደረስንበትም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ሙዚየሙ ስወጣ የማየው ሌላ ሆነ። የቅዱሳት ሥዕላቱን ክፍል ከዚያ በፊት ዞሬው ነበር፤ ወርቃማና ቀይ ብቻ ነበር ያየሁት። አሁን መጀመሪያ የማየው ማጠፊያውን ነው፤ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ገበታ ሥዕሎች ክንፋቸው የተያያዘው በእንጨቱ በተበሳ ቀዳዳ ባለፈ ገመድ ነው፤ እነሱም የተሰፉ ናቸው። ከዚያ ወደ ፊቶቹ እመጣለሁ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ስሙን ጽፎ የተወው ገበታ አለ፤ ከእርሱ እጅ ወይም እጁን ካዩ ሠዓልያን እንደሆኑ የሚታመኑ ሥዕሎች ደግሞ እዚህ ይገኛሉ። እመቤታችን ልጇን አቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል ክንፋቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው። ቅንድብና አፍንጫን ባልተቋረጠ አንድ መስመር የሚያወርደው ያ እጅ ብሩሹን በመንገድ ላይ አላነሣም። ዐይኖቹ በጎን ያያሉ፤ ያዘኑ አይደሉም፣ የሚጠብቁ ናቸው። አንድ ጥቁር መስመር ይህን ሁሉ ሲናገር ማየት ለእኔ ከብዙ ንግግር ይበልጥብኛል።

አራት ኪሎ ወርደን ሳይንስ ፋኩልቲ ብንገባ ያው እጅ በሌላ ልብስ ይጠብቀናል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተው ብሔራዊ ሐርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያው፣ እዚያ ነው። ብዙ ተማሪ በሩን አያውቀውም፤ ሊያውቀው ግን ይገባል። አንድ ቅጠል ከተራራ ተቆርጦ እዚያ መሳቢያ እስኪገባ ያለውን መንገድ ተመልከቱ። ሰብሳቢው ከተቻለ ሥሩን፣ ግንዱን፣ አበባውንና ፍሬውን አንድ ላይ ማግኘት አለበት። በጋዜጣ መካከል ያነጥፈዋል፤ አንዱን ቅጠል በፊቱ፣ አንዱን በጀርባው ያዞረዋል፣ ኋላ ሁለቱም ወገን እንዲታይ። በካርቶንና በእንጨት መካከል በጠፍር ተጠፍሮ ይደርቃል፤ ጋዜጣው ካልተቀየረ ይሻግታል። ከዚያ ወፍራም ወረቀት ላይ ይለጠፋል፤ ቀጭኑ በሙጫ፣ ወፍራሙ ቅርንጫፍ ግን በመርፌና በክር ይሰፋል። የረገፈው ዘር በትንሽ የወረቀት ከረጢት ተጠቅልሎ ጥጉ ላይ ይቀመጣል። ከታች በቀኝ በኩል የቦታው ስም፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥሩ፣ አበባው በሕይወት ሳለ የነበረው ቀለም ይጻፋል፤ ምክንያቱም ቀለሙ ይሄዳል። የመስከረም አደይ አበባ እንኳ እዚያ ወረቀት ላይ ወደ ቡናማ ያዘነብላል። ቢጫ መሆኑን የሚያስታውሰው ያ ጽሑፍ ነው።

እንዲህ ከተሰፉ ወረቀቶች ነው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል የተጻፈው። በ1972 ዓ.ም. ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረ ሥራ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ግድም ፈጅቶ በ8 ቅጾች ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶችን መዘገበ። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ሰብስቤ ደምሰው፣ እንሰርሙ ቀልቤሳና ባልደረቦቻቸው፣ ከስዊድን ደግሞ ኢንጋ ሄድበርግ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ጦርነት ሲመጣና ሲሄድ ቅጠል በቅጠል ቀጠሉ። በዚያው ግቢ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም የዚሁ ወገን ነው፤ አባ ፒየር ጉዌን የመሬቱን መንቀጥቀጥ በመሣሪያ ከመመዝገብ አልፈው፣ መሣሪያ ያልነበረበትን ዘመን ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ማስታወሻ እየለቀሙ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪካችንን ጻፉልን።

ተማሪውን ወደዚህ የሚስበው ግን ይህ ብቻ ነው አልልም። ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚማረከው በሰው ነው። አንድ ዶርም ውስጥ የወለጋው፣ የሸዋው፣ የትግራዩ፣ የሲዳማው፤ ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ካውያ፣ ከየአገሩ የመጣ ቆሎ። ኪሲንግ ፑል ዳር የሚቀመጡ ፍቅረኞች፤ ኬኔዲ ላይብረሪ ቦታ ለመያዝ በጠዋት የሚቆም ሰልፍ፤ ኦሲአር የሚባለው ሕንፃ ደጃፍ ላይ የሚለጠፍ ውጤት። በእኛ ጊዜ ደግሞ ከጎረቤት አንበሳ ግቢ ንጋት ላይ የአንበሶቹ ግሣት ይሰማ ነበር። ፍሬሽ ሳለን ያስደነግጠን ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ሰዓት ሆነልን፣ ሲያገሡ እንነሣ ነበር።

ከ33 ተነሥቶ በ2006 ዓ.ም. ግድም ከ48,000 በላይ የደረሰው የተማሪ ቁጥር ያለ ቀዳዳ አልመጣም። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ አስከሬኑን ይዘው ስድስት ኪሎ የተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይም ተተኮሰ። በ1967 ዓ.ም. ግቢው ተዘግቶ ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመተ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሽብር ያንን ትውልድ እንዴት እንደ በላው የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በ1985 ዓ.ም. ከአርባ በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። እነዚህ ቦታዎች ላይ ገጹ ተበስቷል። ቀዳዳው የለም ብሎ የሚጽፍ የዩኒቨርሲቲ ታሪክ አልወድም፤ ቀዳዳውን ብቻ የሚያሳይም አልወድም። ስፌትም ነበር፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች አንድ ዓመት አቋርጠው በየክፍለ ሀገሩ የሚያስተምሩበት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነበር። ከዚያ ዓመት የተመለሰው ተማሪ የገበሬውን ኑሮ በዐይኑ አይቶ ነበር፤ ያስተማራቸው ልጆች ደግሞ ግቢ የሚባል ቦታ እንዳለ አወቁ። ክሩ በሁለቱም በኩል ገባ።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ስድስት ኪሎ ተመደበች። ሻንጣዋን ዶርም አድርሰን ስንመለስ በገነተ ልዑል በኩል ወሰድኳት። ደረጃው ሥር ጋውን የለበሱ አራት ልጆች ፎቶ ይነሣሉ፤ እናታቸው ይሁኑ አያታቸው፣ ነጭ የለበሱ አሮጊት መካከላቸው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ደረጃ ወዴት ነው የሚወስደው?» አለችኝ።

«አንብቢው።»

ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከታች ጀመረች፤ በጣቷ እየቆጠረች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። መሃል ላይ ስትደርስ ቁጥሩ ጠፋባትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አልነገርኳትም። ላይ ስትደርስ ጣቷ አየር ላይ ቆመ፤ አንበሳውን አየች።